ቱቦውን አትድፈኑት፤ የግድቡ ሥራ ባዶ መዋል ነው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የራያ ቆቦ ልጅ ነኝ፤ አሁን ሥራ ይዤ ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። ከመንደራችን በላይ፣ ጅረቱ ከተራራው በሚወጣበት ጠባብ ቦታ ላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት የአፈር ግድብ ተሠርቷል። የጎርፍ መከላከያ ነው ተባልን። ግን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ባዶ ነው። ከሥሩ ያለው ትልቅ ቱቦ መዝጊያ የለውም። የሰፈራችን ወጣቶች ‹በልግ ሳይገባ ቱቦውን በድንጋይና በአሸዋ ከረጢት ደፍነን ውሃ እንያዝ፣ ሽንኩርት እናለማበታለን› እያሉ ነው። አባቴም ተስማምቷል። ሌላው፣ ባለፈው ነሐሴ ውሃ ሁለት ቀን ተኝቶበት ነበር። ያኔ ከግድቡ ግርጌ በውጭ በኩል እርጥበት አይተናል። የቤተሰቦቼ ቤት ከግድቡ ሁለት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ከጅረቱ ዳር ነው። ይህ ግድብ ያድናቸዋል ወይስ ያሰጋቸዋል?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ አብሽር። ያሳሰበህ ነገር በጊዜ ከተያዘ መላ አለው። ግን ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ስልክህን አንሳና ለአባትህ ደውል። ቱቦው እንዳይደፈን በላቸው። ምክንያቱን አሁን እነግርሃለሁ፤ ለወጣቶቹም አንብብላቸው። ክፉ አስበው አይደለም። ክረምት ሙሉ ውሃ በደጅ ሲያልፍ እያዩ በበጋ ደረቅ መሬት ላይ መቀመጥ ለገበሬ ልጅ ያንገበግባል። እኔም ወሎ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ስሜቱን አውቀዋለሁ። በሙያዬ ደግሞ ብዙ ዓመት የአፈር ግድብ ስሠራና ስመረምር ኖሬያለሁ። በጣም የሚያስፈራኝ ስህተት ይሄ ነው፤ በቅን ልብ የተደፈነ ቱቦ።

እስቲ የአገሩን አቀማመጥ አስበው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከምዕራብ በኩል ከጀርባዋ የቆመው ሰንሰለት ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ የሚያልፈውም አለ። መሃል ያለው ርቀት አጭር ነው። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተራራው ላይ የጣለ ዝናብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሜዳው ላይ ነው። የጎሊናን ወይም የሆርማትን ወንዝ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ታች ፀሐይ ነው፣ ላይ ጠቁሯል። ከዚያ ደረቅ የነበረው አሸዋ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ድሬዳዋን በሌሊት የመታት ጎርፍ እንዲሁ ነበር። ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ሞልቶ ወረደ፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ።

አሁን ትንሽ ስሌት እናድርግ። ከባድ አይደለም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲጥል 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ከግድባችሁ በላይ ያለው ተፋሰስ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አንድ ከሰዓት በኋላ 60 ሚሊ ሜትር ጣለ። ግማሹ መሬት ገባ፣ ግማሹ ጎርፍ ሆነ። 600,000 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከወረደ በሰከንድ 83 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ይሄ ቤት ይወስዳል፣ ከብት ይወስዳል፣ አስፋልት ይቆርጣል።

ግድቡ ሲኖር ግን ቱቦው በሰከንድ 15 ሜትር ኩብ ብቻ ያሳልፋል እንበል። ያው 600,000 ሜትር ኩብ ለመውጣት 11 ሰዓት ይፈጅበታል። ከውሃው ብዙም የቀረ የለም፤ ጊዜው ነው የረዘመው። ጅረቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሳይሞላ፣ ሌሊቱን ሙሉ እየፈሰሰ ያድራል። እናትህም ተኝተው ያድራሉ።

ይህ እንዲሆን አንድ ነገር የግድ ያስፈልጋል። ጎርፉ ሲደርስ ማረፊያ ማግኘት አለበት። በዚያ ስሌት ቱቦው በሁለቱ ሰዓት 108,000 ሜትር ኩብ ያህል ያሳልፋል። የተረፈው ወደ 490,000 ሜትር ኩብ ቦታ ይፈልጋል። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሆኖ የምታዩት ያ ቦታ ነው። እናንተ «ዝም ብሎ ተቀምጧል» የምትሉት ባዶ ቦታ የመንደሩ መከላከያ ነው። በሽንኩርት ውሃ ሞልታችሁ ክረምት ከጠበቃችሁ ጎርፉ መጥቶ ሞልቶ ያገኘዋል። ያኔ ግድብ እንደሌለ ነው። እንዲያውም ይብሳል። ግድብ የሌለው ጅረት ይዞ የሚመጣው የራሱን ጎርፍ ነው። ሞልቶ የተናደ ግድብ ግን የተጠራቀመውን ሁሉ በአንዴ ይለቃል።

ሌላም አለ። ነሐሴ ላይ ዝናብ አንድ ቀን ጥሎ አያቆምም። ዛሬም ነገም ይጥላል። ቱቦው የዛሬውን አስወጥቶ ለነገው ቦታ ማዘጋጀት አለበት። መዝጊያ ያልተደረገለት ስለተረሳ እንዳይመስልህ። ሆን ተብሎ ነው። መዝጊያ ካለ ሌሊት የሚከፍተው ሰው ያስፈልጋል። ሰው ደግሞ ይተኛል፣ ይታመማል፣ ለቅሶ ይሄዳል። ክፍት ቱቦ ጠባቂ አይፈልግም።

ይህ ዓይነት ግድብ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የዴይተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1913 በጎርፍ ተመታች። ከዚያ ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ከከተማው በላይ አምስት የአፈር ግድቦች አሠራ። እ.ኤ.አ. በ1922 አለቁ። መዝጊያ የላቸውም። ዝናብ ሲጥል ራሳቸው ይሞላሉ፣ ራሳቸው ይጎድላሉ። ከኋላቸው ያለው መሬት ይታረሳል፤ ቤት መሥራት ግን አይፈቀድም። መቶ ዓመት አልፏቸው ዛሬም ይሠራሉ። ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ ከሚሴ አጠገብ ያለውን የጨፋን ረግረግ አስበው። ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ ይዞት የሚወርደውን ጎርፍ ጨፋ ላይ ያንጣልለዋል፣ ያሳርፈዋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሰው ያልሠራው ጎርፍ ማቆያ ነው።

ሽንኩርቱን ግን አልረሳሁትም። የቆቦ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት ያውቃል። አያቶቻችሁ በጠለፋ ማሽላ አብቅለው ኖረዋል። የጠለፋ ትልቁ ጣጣ ጎርፉ አንዴ በኃይል መጥቶ መጥለፊያውን ይዞት መሄዱ ነው። አሁን ከግድቡ በታች የምታገኙት ውሃ ለስላሳ ነው፤ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት የሚወርድ። ለጠለፋ ከዚህ የተሻለ ውሃ የለም። መጥለፊያችሁን ከግድቡ በታች አጠናክሩና ውሃውን ወደ ማሳው፣ ወይም ማሳው ዳር ወደሚቆፈር ኩሬ ውሰዱት። ሽንኩርቱ ከኩሬው ይጠጣል። እውነቱን ልንገርህ፣ አንድ ጉዳት አለው። ማሳችሁን ያዳብር የነበረው ደለል ከፊሉ ግድቡ ውስጥ ይቀራል። ይህን አልክድም። ያም ሆኖ ትርፉ ይበልጣል ባይ ነኝ። በግድቡ ውስጥ ቋሚ ውሃ መያዝ ከተፈለገ ደግሞ ከሥር ተጠንቶ፣ ግድቡ ከፍ ብሎ፣ መዝጊያና ማጣሪያ ተጨምሮለት ይሠራል። የመሐንዲስ ሥራ ነው። በአሸዋ ከረጢት አይሆንም።

ወደ ደኅንነቱ ልምጣ።

የአፈር ግድብ እንዴት እንደሚፈርስ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ያስበዋል። ውሃው ገፍቶ የሚጥለው ይመስለዋል። እንዲያ የሚሆነው ጥቂት ጊዜ ነው። በዓለም ላይ ከፈረሱት የአፈር ግድቦች ግማሽ ያህሉን የጣላቸው በአናታቸው ላይ ያለፈ ውሃ ነው። ሌላውን ግማሽ ያህል የጣላቸው በውስጣቸው ወይም በሥራቸው ሰርጎ አፈሩን እየጠረገ ያወጣ ውሃ ነው። ጉዳዩ በቃ እነዚህ ሁለቱ ናቸው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያውን የሚከላከለው ማስተንፈሻው ነው። በግድቡ ጎን፣ ከአናቱ ዝቅ ብሎ የተቆረጠው ሰፊ መንገድ። ቱቦው ከሚችለው በላይ ጎርፍ ከመጣ ትርፉ በዚያ ይወጣል። የአፈር ግድብ በአናቱ ላይ ውሃ ካለፈበት አይቆምም። በጀርባው የሚወርደው ውሃ አፈሩን እየቦረቦረ በሰዓታት ውስጥ ይከፍተዋል። ስለዚህ ማስተንፈሻው ዓመቱን ሙሉ ክፍት መሆን አለበት። አሥር ዓመት ውሃ ባያልፍበትም።

አንድ ጊዜ ሌላ ወረዳ ያለ ግድብ ልመረምር ሄድኩ። ማስተንፈሻው ውስጥ ማሽላ ተዘርቶ አገኘሁ። የሚያምር ማሽላ። ገበሬው መሬቱ ሰፊና ለም ሆኖ፣ ባለቤት ያጣ መስሎት ነው። ከብት እንዳይገባበት ደግሞ አፉ ላይ እስከ ደረቴ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ክቦበታል። ያ ካብ የማስተንፈሻውን አፍ አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ ዘግቶታል ማለት ነው። ሽማግሌዎች ይዘን ለመንነው፤ ሰውየው ደግ ነበር፣ በዚያው ቀን አፈረሰው። ከልብ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ቦታ ለምን እንደሆነ ግድቡ ሲሠራ አንድም ሰው አልነገረውም። አሜሪካ ጆንስታውን ላይ እ.ኤ.አ. በ1889 ግድብ ፈርሶ 2,209 ሰው የሞተውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ባለቤቶቹ ዓሣ እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አድርገው ነበር፤ ጎርፉ ያመጣው ግንድና ቅጠል ወንፊቱ ላይ ተጠራቅሞ ዘጋው። የታች ማስወጫ ቱቦዎቹም ቀደም ብለው ተነቅለው ነበር።

ሁለተኛው የበለጠ ድብቅ ነው። የእናንተም ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ማንኛውም የአፈር ግድብ ውሃ ያሰርጋል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። በደንብ የተሠራ ግድብ መሃሉ ላይ በስስ በስሱ እየተነጠፈ፣ ልከኛ እርጥበት እያለው በሮለር የተጠቀጠቀ ሸክላማ አፈር አለው። ከሱ ቀጥሎ የአሸዋ ማጣሪያ አለ። ማጣሪያው የሰረገውን ውሃ ያሳልፋል፤ የአፈሩን ቅንጣት ግን ይይዛል። ውሃው በግርጌው በተደረደረው ድንጋይ በኩል ጥርት ብሎ ይወጣል። ማጣሪያው ከሌለ ወይም ከተበላሸ ውሃው አፈር ይዞ ይወጣል። አፈር ሲወጣ ቀዳዳ ይሆናል። ቀዳዳው ሲሰፋ ብዙ ውሃ ይገባል፣ ብዙ አፈር ይወጣል። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየተቦረቦረ ሄዶ ውሃው ጋ ሲደርስ ግድቡ አለቀለት።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ካልከኝ፣ አንዳንዴ ዓመታት፣ አንዳንዴ ጥቂት ሰዓታት። አሜሪካ አይዳሆ ግዛት ውስጥ የነበረው የቲተን ግድብ 93 ሜትር ከፍታ ነበረው። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1976 ጠዋት ላይ ድፍርስ ውሃ ከጎኑ ሲወጣ ታየ። ቡልዶዘር አምጥተው ቀዳዳውን ሊደፍኑ ሞከሩ፤ ቡልዶዘሮቹንም ዋጣቸው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡ ተናደ። 11 ሰው ሞተ። በቀን ስለሆነና ሕዝቡ እንዲሸሽ ስለተነገረው እንጂ ከዚያ ብዙ ይበልጥ ነበር። ግድቡ የፈረሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እየተሞላ ሳለ ነው።

ይህን «የመጀመሪያ ጊዜ» የሚለውን ያዝልኝ። ባዶ የሚውል ግድብ ትልቁ ችግር እሱ ነውና። ሁልጊዜ ውሃ የሚይዝ ግድብ ጉድለቱ በጊዜ ይታወቃል። ባዶ የሚውለው ግን ተፈትኖ አያውቅም። አሥር ዓመት ግማሹ ድረስ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከዚያ አንድ ሌሊት እስከ አናቱ ይሞላል። ለግድቡ ያ ሌሊት የመጀመሪያው ፈተና ነው። ወደዚያ ሌሊት እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ኖሯል። ዋልካ አፈር በበጋ እንዴት እንደሚሰነጠቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ እግር ይውጣል። ግድቡ ላይ ዋልካ ካለና ከላዩ ጠጠራማ አፈር ካልለበሰ እሱም እንደ ማሳው ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በግድቡ ርዝመት ከሄደ አንድ ነገር ነው። ግድቡን አቋርጦ ከውሃው በኩል ወደ ውጭ ከሄደ ግን ለጎርፉ በር ከፍቶ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ግንቦት ላይ አናቱን በእግራችሁ ሂዱበት። አቋራጭ ስንጥቅ ካያችሁ ልኩትና ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን አሳውቁ። ላዩን በአፈር ሸፍኖ መተው አያድንም፤ እስከ ሥሩ ተቆፍሮ እንደገና መጠቅጠቅ አለበት።

በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ማብቂያ ላይ፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ስንሰናዳ፣ ሊቢያ ደርና ከተማ ላይ የሆነውም ባዶ ከሚውል ግድብ የመጣ ነው። ከከተማዋ በላይ ሁለት የጎርፍ መከላከያ ግድቦች ነበሩ። መሃላቸው ሸክላ፣ ጎናቸው ድንጋይ ነው። አንዱ 75፣ ሌላው 45 ሜትር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው የተሠሩት። ሸለቆው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ሰው ረሳቸው። ከአደጋው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አንድ የአገሩ ተመራማሪ በአስቸኳይ ካልተጠገኑ ከተማዋ አደጋ ላይ ናት ብሎ ጽፎ ነበር። ዝናቡ በሌሊት መጣ። ላይኛው ፈረሰ፣ ታችኛውን ይዞት ወረደ። ሺዎች ወደ ባሕር ተጠረጉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የእኛ አገር ጅረቶች ናቸው።

አሁን ወደ እርጥበቱ። ከእርጥበቱ በፊት ግን አንድ ነገር አስደንግጦኛል። «ውሃ ሁለት ቀን ተኝቶበት ነበር» ብለሃል። ዝናቡ ተከታትሎ ካልጣለ በቀር እንዲህ ያለ ትንሽ ግድብ ሁለት ቀን ውሃ መያዝ አልነበረበትም። በግማሽ ቀን፣ ቢበዛ በአንድ ቀን መጉደል ነበረበት። ስለዚህ ቱቦው አሁንም ቢሆን ከፊሉ ተደፍኗል ብዬ እጠረጥራለሁ። በግንድ፣ በማሽላ አገዳ፣ በደለል። ወጣቶቹ ጉልበታቸውን እዚህ ላይ ያውሉት። አሁን ጥር ነው፣ ውሃ የለም። መግቢያውን ያጽዱ፣ በፊቱ ያለውን ደለል ይቁረጡ። አፉ ላይ የብረት ፍርግርግ ካለ ይጠግኑት፤ ከሌለ ጠይቁ። ቱቦው ውስጥ ግን ማንም ብቻውን እንዳይገባ።

የእርጥበቱን ምርመራ ራስህ መጀመር ትችላለህ። ቦታው ላይ ካስማ ትከል። ግድቡ ውሃ ሲይዝ የሚፈስ ከሆነ ውሃውን በሃይላንድ ቅዳና ቤት አስቀምጠው። በማግስቱ እየው። ጥርት ያለ ከሆነና ከሥሩ ምንም ካልዘቀጠ ጥሩ ምልክት ነው። ከሥሩ ጭቃ ከተኛ አደገኛ ነው። ቀጥሎ መጠኑን ለካ። አንድ ጆግ በስንት ሰከንድ ይሞላል? ግድቡ ውስጥ ያለው ውሃ ስንት ሜትር ላይ ነበር? ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፍ። ውሃው ሳይጨምር እርጥበቱ ከጨመረ ውስጡ እየተቦረቦረ ነው ማለት ነው። እርጥበቱ ቱቦው በሚወጣበት ዙሪያ ከሆነ ደግሞ በጣም ተጠንቀቅ። አፈር ቱቦ ጥግ ላይ በደንብ አይጠቀጠቅም፤ ውሃ የቱቦውን ጀርባ ተከትሎ መውጣት ይወዳል።

ሌላም ቀላል ሙከራ አለ። ከግድቡ አፈር ትንሽ ጓል ውሰድና የዝናብ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ቀስ አድርገህ አስቀምጠው። አትነቅንቀው። ጓሉ ቢፈርስም ውሃው ከጠራ ደህና ነው። ዙሪያው እንደ ወተት ደፍርሶ ካልጠራ ግን ያ አፈር በውሃ ውስጥ ራሱን የሚበትን ዓይነት ነው። ለባለሙያ ሳትነግር እንዳታድር።

አንድ ነገር አደራ። ውሃ ሲወጣ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ሸክላ ጠቅጥቆ መድፈን ነው። በውጭ በኩል አትድፈኑ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ውስጥ ውስጡን ገፍቶ ሌላ ቦታ ይፈነዳል። ትክክሉ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ንጹሕ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። ከክረምት በፊት ከግርጌው አጠገብ ሁለት ሦስት መኪና አሸዋና ጠጠር ማከማቸት ርካሽ መድኃኒት ነው። የወጣው ውሃ ድፍርስ ከሆነና ግድቡ ውስጥ ውሃ ካለ ግን አሸዋውንም ተዉት። ሰዉን አስወጡ።

የጥገናው ነገር ብዙም የተራቀቀ አይደለም። ግድቡ ላይ ሣር እንጂ ዛፍ አይብቀል። ባሕር ዛፍ ተክላችሁ ከሆነ ገና በቀጭኑ ንቀሉት፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይተዋል። የፍልፈልና የጃርት ጉድጓድ ተከታትላችሁ ቆፍራችሁ ጠቅጥቁ። በውሃው በኩል ከተነጠፈው ድንጋይ ለቤት መሠረት የሚወስድ እንዳይኖር። ከቱቦው መውጫ አጠገብ አሸዋ አይወጣ። ጎርፍ መጥቶ በሄደ ቁጥር ደግሞ የውስጠኛውን ጎን እዩት። ውሃው ቶሎ ሲጎድል አፈሩ ገና እርጥብና ከባድ ነው፤ የሚደግፈው ውሃ ሲሄድበት ቁልቁል ይንሸራተታል። እዚህ ላይ አንድ የምጨምረው አለ። እኛ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ከንፈር ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። ስለዚህ መሬት ከተንቀጠቀጠ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሲነጋ ግድቡ ላይ ሂዱ።

ደለሉን የሚያስቆመው ላይ ያለው እርከንና ክትር ነው። በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ሥራ የሚወጣው ሕዝብ ለግድቡም ዕድሜ እየጨመረለት ነው።

አሁን የጠየቅከኝ ዋናው ነገር፤ ያድናቸዋል ወይስ ያሰጋቸዋል? ሁለቱንም ነው። በተለመደው ክረምት ያድናቸዋል። ግን የትኛውም ግድብ የሚችለው የተወሰነ ጎርፍ ነው። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል ሰው በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ይመስለዋል። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመምጣት ዕድሉ ከአራት አንድ ያልፋል። አንድ ልጅ ተወልዶ ጎጆ እስኪወጣ ባለው ጊዜ ማለት ነው። ግድብ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ሰው ይዘናጋል፣ ወደ ጅረቱ ይጠጋል፣ የድሮው የጎርፍ መሄጃ ላይ አዲስ ቤት ይሠራል። ቀበሌያችሁ ይህን ከአሁኑ ይከልክል።

ሁለት ኪሎ ሜትር ማለት ደግሞ ቅርብ ነው። ግድቡ ቢናድ ማዕበሉ በአሥር ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ተንዶ ካዩ በኋላ መሮጥ አያዋጣም። ማስጠንቀቂያው ከመናዱ በፊት መነገር አለበት። ለዚህ ወሎ ውስጥ የተዘጋጀ ነገር አለ፤ ቅሬያችሁ፣ ሌላው እድር የሚለው። እያንዳንዱን ቤት ያውቃል። አቅመ ደካማው ማን ቤት እንዳለ፣ አራስ ማን ቤት እንዳለች ያውቃል። በክረምት ሌሊት ግድቡን የሚያይ ሰው በተራ ይመድብ። ያ ሰው ምልክት ሲያይ ማንንም ሳያስፈቅድ ጡሩምባ የመንፋት ሥልጣን ይኑረው። የጡሩምባው አነፋፍ ግን ከለቅሶው የተለየ ይሁን፤ ያለዚያ ሰው «ማን ሞተ?» እያለ ወደ ታች ይሰበሰባል። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያና የቤተክርስቲያኑ ደወል አብረው ይጩኹ። መሸሻው በጅረቱ ቁልቁል አይደለም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ጉብታው ነው። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ልጆቹን ይዛችሁ ተለማመዱት።

ለወረዳው ስትጽፉ ሦስት ነገር ጠይቁ። የግድቡ ንድፍ ኮፒ ቀበሌው ይኑረው። ማስተንፈሻው ለምን ያህል ጎርፍ እንደተሠራ ይነገራችሁ። በዓመት ሁለቴ፣ ከበልግ በፊትና ከክረምት በፊት፣ የሚመረምር ባለሙያ ይመደብ። የሁለቱን ቀን ውሃና እርጥበቱን ከነቀኑ ጥቀሱ። በቃል ብቻ አትተዉት፤ በደብዳቤ አስገቡና ማኅተም አስመቱበት።

ቱቦው ተጠርጎ፣ እርጥበቱ በባለሙያ ታይቶ እስኪያልቅ ድረስ፣ ተራራው ጠቁሮ በሚያመሽበት ሌሊት እናትና አባትህ ጉብታው ላይ ካለ ዘመድ ቤት ይደሩ። ከብቱንም ይዘው። የእርጥበቱን ፎቶ ስትልክልኝ ከጎኑ ሃይላንድ አቁምና አንሳው። ስፋቱን በእሱ እገምተዋለሁ።